ማሽኑ የማያውቀው ቀይ

ባለፈው ቅዳሜ ዓለም ገና አስፋልቱ ዳር ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ ልጅቷ የማተሚያውን ሆድ ከፍታ ቀለም ስትሞላ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ የሚኒባስ ረዳት «ሰበታ፣ ሰበታ» ይላል። እኔ ግን ሰበታ ደርሼ፣ ከትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። የስቴንስል ማባዣው ይንቋቋል፤ ጋሼ ቶሎሳ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው እጀታውን ያዞራሉ፤ ጣቶቻቸው ጥቁር በጥቁር ሆነዋል።

ጋሼ ቶሎሳ ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩን ሰው ናቸው። ክረምት ከበጋ የማትለወጥ ቡኒ ኮት ነበረቻቸው፤ ኪሷ በጠመኔ ብናኝ ነጥቷል። የመማሪያው መጽሐፍ ስለ ሥርዓተ ነጥብ ያወራል። ግጥሙን እሳቸው አርብ አርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አሾልከው ያስገቡት ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ከአንድ ገጣሚ አንድ ስንኝ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። እሷን በቀይ እስክሪብቶ እንገለብጥና ከዚያ በታች ያለውን በሰማያዊ ከራሳችን እንቀጥላለን። «እሳት ልትጭሩ ጎረቤት ስትሄዱ ፍሙን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ሰው ምድጃ ሥር ተቀምጣችሁ አትቀሩም» ይሉን ነበር። ስንጨርስ መዳፋቸውን ቀዩ ስንኝ ላይ ጋርደው የቀረውን ያነባሉ። ያለ ቀዩ ከቆመ ግጥሙ የኛ ነው። ካልቆመ ለሚቀጥለው አርብ።

ቀይ እስክሪብቶ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ከዴስክ ወደ ዴስክ ትዞራለች። ጽጌ ጋ ስትደርስ ትቆያለች። ጽጌ ከጎኔ የምትቀመጥ፣ ደብተሯን በክርኗ ከልላ የኔን የምታይ ልጅ ነበረች። አሁን ቡራዩ ቤት ሠርታለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። የረሳሁ ይመስላታል።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ጋሼ ቶሎሳ ከክፍላችን የኔን ግጥም መርጠው በማባዣው አባዙት። አባዬ ከማሳው በቀጥታ መጣ፤ ጎማ ጫማው ላይ ጭቃ ነበረበት። ማንበብ አይችልም፤ ልጁ ስትጠራ ለመስማት ብቻ ከኋላ አጥር ሥር ቆመ። ከኔ በፊት ምክትል ርዕሰ መምህሩ የተባዛውን ወረቀት አነሱ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው ሱሉልታ አሉ፣ ደህና ሰዎች ናቸው። ጽጌ ጠጋ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር አለቻቸው። እሳቸውም የመጀመሪያዋን ስንኝ ጮክ ብለው አነበቡ፤

ዝናብ ደጃፍ ቆሞ በስሜ ሲጠራኝ፣

መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። «ይህ የታወቀ ገጣሚ ስንኝ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት የሰው ግጥም በራሱ ስም የሚያስነብብ ሌባ አንፈልግም።»

ወረቀቱን አየሁት። ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኗል። ዓይኔ አባዬን ፈለገ። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል፤ ሰው ሲቀበር እንደሚያደርገው። ሌባ የምትለውን ቃል ለመረዳት ማንበብ አያስፈልግም።

ጋሼ ቶሎሳ ሳይጣደፉ ተነስተው መሃል ቆሙ። ቀለም የጠገቡ ጣቶቻቸውን ለሕዝቡ አሳዩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ቀይ ነበር፤ ማሽኑ ቀይ አያውቅም። ሌባ ከተባለ ግን ሰባተኛ ቢ በሙሉ ይነሳ።»

ተነሳን። አንድ በአንድ አስነበቡን። የመጀመሪያው ልጅ «ዝናብ ደጃፍ ቆሞ በስሜ ሲጠራኝ» ብሎ ጀመረና ዝናቡን ስሜን ማን ነገረህ ብሎ ተጣላው። ሁለተኛው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የለም በሉት አለ። ሦስተኛው ያባቱን አህያ አስቀድሞ ላከ። አምስተኛው ላይ ወላጆቹ ስንኟን ራሳቸው ከልጁ ጋር ይሏት ጀመር፤ አንዲት እናት ከሳቅ ብዛት አግዳሚው ላይ ተደፋች። ጽጌ ዝናቡ ሲጠራት በሯን ዘግታ ተኛች። ግጥሟ እዚያው አለቀ። እኔ እንኳ ሳቅሁ።

የኔ ተራ ሲደርስ ጋሼ ቶሎሳ ያንን ጥቁር መዳፋቸውን ወረቀቴ ላይ ጋረዱና «ከዚህ በታች» አሉኝ። አነበብሁ፤

አባቴን አስቀድም፣ ማሳው ላይ ነው አልኩኝ።

ሌላውን እንዴት እንደጨረስሁት አላስታውስም። ከአጥሩ ሥር አባዬ ባርኔጣውን መልሶ ሲያደርግ ብቻ አየሁ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ በሣር ጠረገ። ከዚያ «ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። «ዝናቡን ቀድሞ ወደ እኔ የላክሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩት።

«ደግ አደረግሽ፤ ገብሱ ይፈልገዋል።»

ምክትሉ ይቅርታ አልጠየቁም። ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ይህንን እስካሁን ይዤባቸዋለሁ፤ ልፋቀውም አላሰብሁም። የወረቀቴ ጥግ ላይ የቀረችውን የጋሼ ቶሎሳን የመዳፍ አሻራም እንዲሁ ይዣለሁ፤ እሷን ግን በደስታ ነው።

እኔም አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የሰፈሩ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ይመጣሉ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የሄድሁትም የነሱን ግጥሞች ላሳትም ነው። ልጅቷ ገጾቹን አገላበጠችና «እማማ፣ ቀዩ እኮ በየገጹ አንድ መስመር ብቻ ነው። በጥቁር ላውጣልዎት?» አለችኝ።

«በቀለም» አልኳት።

የመጀመሪያው ገጽ ሞቅ እንዳለ ወጣ። ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ቀዩን በመዳፌ ጋረድሁትና የቀረውን አነበብሁ።

ቆሟል።