ከኳየር ጋውን የተሰፋ ሱሪ

ያን ጊዜ ላፍቶ በሚገኝ አንድ ትንሽ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ አነሳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት አስቀምጬ «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ» ስል እውላለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን እዘምራለሁ። ስዘምር ዓይኔን ስለምጨፍን ከእነዚያ ዓመታት ትዝ የሚለኝ የሰው ፊት አይደለም። ትዝ የሚለኝ በግራዬ የምትቆመው ጓደኛዬ መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ነው።

ጓደኛዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከኳየሩ የታገድነውም አብረን ነው። ሐሙስ ከሰዓት ልምምድ ነበረን፤ ከባድ ዝናብ ስለጣለ ሁለታችንም ሱሪ ለብሰን ሄድን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሱሪ ለሴት አይፈቀድም፤ የጆሮ ጌጥም እንደዚሁ። ብዙዎቻችን በሩ ላይ ስንደርስ ሻርፕ አገልድመን እንገባ ነበር። ያን ቀን ግን ሻርፑ ራሱ ውኃ ያንጠባጥብ ስለነበር ቦርሳችን ውስጥ ተውነው። የኳየሩ ኃላፊ ሽማግሌ፣ በልጅነቴ ማንበብ ሳልችል መዝሙር በቃል ያስጠኑኝ ሰው፣ ወደ ጥግ ጠሩንና «ንስሐ እስክትገቡ ድረስ ከአገልግሎት እረፉ» አሉን። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ቢቆጡን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በጭጋግ ውስጥ እንዳለፍኩባቸው ሆነው ነው የሚታዩኝ። እሁድ ጠዋት እነሣለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ከዚያ የምሄድበት አጣለሁ።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ጆንያ ተሸክማ ፎቶ ቤት መጣች። ቤተ ክርስቲያኗ አዲስ ጋውን አሰፍታ አሮጌዎቹን ልትጥል ኖሯል። ዘበኛውን ስትጠይቀው «ለመወልወያ የፈለገ ይውሰድ ተብሏል» ብሏታል። ጆንያውን ስንፈታው የላባችንና የሳሙናው ሽታ አብሮ ወጣ። ጨርቁ ወይን ጠጅ ነው፤ ክርኑ ጋ ቢሳሳም ወደ ብርሃን ሲያዞሩት አሁንም ያበራል።

«ሱሪ ይወጣዋል» አለች፣ ጨርቁን በጣቷ እያሸች።

«እኔ ደግሞ ፎቶ አነሳዋለሁ» አልኳት።

«ማን እንዲያየው?»

«እነሱ።»

ሰፍታ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ፣ ትከሻው ቀጥ ያለ ጃኬት፣ እጅጌው እንደ ክንፍ የተዘረጋ ሸሚዝ ሠራች። ሻርፕ ማገልደም የሰለቻቸው ሁለት ልጆች ከኳየሩ ተቀላቀሉን። አንድ ቅዳሜ ማለዳ አራት ሆነን ወደ ፉሪ ሄድን፤ ቤቶቹ አልቀው የጤፍ ማሳ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ወረድን።

ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ያላለቁት ፎቆች መሠረት የሌላቸው ይመስል አየር ላይ ቆመዋል። ልጆቹ በማሳው ድንበር ሲራመዱ ከወገባቸው በታች አይታዩኝም፤ ወይን ጠጁ ብቻ እየቀረበ፣ እየራቀ ይሄዳል። ቁሙ፣ ዙሩ ማለት አላስፈለገኝም። ፎቶ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ከካሜራዬ ፊት ይደነግጣል፤ እነሱ ግን የረሱኝ ይመስሉ ነበር። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

ላሞች የምትነዳ አንዲት እናት አጠገባችን ስትደርስ ቆመች።

«ሰርግ ነው እንዴ?» አለችን።

«አይ እናቴ፣ ልብስ እያሳየን ነው» አለቻት ጓደኛዬ።

ሴትየዋ ቀረብ ብላ የሱሪውን ጫፍ ዳሰሰችና «ባሬዳ» አለች፤ ቆንጆ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ላሞቿን ተከትላ ጉሙ ውስጥ ገባች።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስንለቃቸው ከሥራቸው «የኳየር ልብስ ነበር፤ አሁንም ነው» ብለን ጻፍን። እስከ እሁድ ድረስ ያላየ ምዕመን አልነበረም። ሽማግሌው ቢሮ አስጠሩን።

«ይህ የእግዚአብሔር ቤት ልብስ ነው» አሉ፣ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ።

«ጋሼ፣ ለመወልወያ ተብሎ የተጣለ ነው» አለች ጓደኛዬ። «ወለል ቢጠረግበት ኖሮ ይጠሩን ነበር?»

ስልካቸውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። አለመስደባቸውን እስከ ዛሬ አከብርላቸዋለሁ። ግን ደንቡንም አልለወጡትም። ሁለቱ ልጆች ይቅርታ ጠይቀው ወደ ኳየሩ ተመለሱ፤ አልፈርድባቸውም፣ መዝሙሩ እኔንም ይናፍቀኛል። እኔና ጓደኛዬ ይቅርታ የምንልበት ነገር ስላጣን በዚያው ቀረን።

የፈራሁት እናቴን ነበር። በጸሎት ኅብረቱ የታወቀች ሴት ናት። ወሬውን ሰምታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ «እስቲ አሳዪኝ» አለችኝ። ስልኩን ከዓይኗ አርቃ ይዛ እያንዳንዱን ፎቶ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ወገቡ ሰፍቷል» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ሆሳዕና አካባቢ ባለው ሀገሯ፣ በልጅነቷ፣ ያመነች ዕለት የአንገቷን ጨሌ አንድ ሽማግሌ በጥሰው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት።

«ጨሌው አይደለም ያስለቀሰኝ» አለች። «አውልቂ ቢሉኝ እኔ ራሴ አወልቀው ነበር። አልጠየቁኝም።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔስ የሱሪሽን ነገር መች ጠየቅሁሽ?»

ለሁለተኛው ፎቶ እኔና ጓደኛዬ ወደ ፉሪ ስንሄድ እናቴ ሳንጠራት አብራን ሚኒባስ ተሳፈረች። ጉም ስላልነበረ ፀሐዩ የጓደኛዬን ፊት በግማሹ አጠቆረብኝ፤ ብርሃኑን የሚመልስልኝ ነጭ ነገር ፈለግኩ። እማዬ ስንቃችንን የጠቀለለችበትን አንሶላ ፈታችና በሁለት እጇ ዘርግታ ማሳው ዳር ቆመች። ወደ ግራ ስላት ወደ ግራ፣ ዝቅ ስላት ዝቅ ታደርገዋለች።

«እጅሽ አልዛለም?» አልኳት ከቆይታ በኋላ።

«አንሺ ዝም ብለሽ» አለችኝ።

ስንጨርስ ጥላ ፈልገን የቀቀለችውን ድንች በላን። ወደ ቤት ስንመለስ አንሶላውን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ለቡ ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።