ሰብሳቢው ቤት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

ርእሰ መምህርት ሆኜ ፎገራ ስመደብ የተሰጠኝ ደብዳቤ ትምህርት ቤቱን የምመራው እኔ መሆኔን ይናገር ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው ሰውዬ የቦርዳችንን ሰብሳቢ አያውቃቸውም።

እሳቸው የሩዝ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው ከእህታቸው ጋር ይኖራሉ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ደወል ሲዘገይ ከደጃቸው ሆነው ያውቃሉ፤ ከዘገየም መጥተው ራሳቸው ይደውሉታል። መምህር ሲያስተምር መስኮት ተደግፈው ያዳምጣሉ፤ ትምህርቱ ካልጣማቸው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንድ ቀን ጠዋት ወረታ ካለው የኪራይ ቤቴ በባጃጅ ስደርስ ግቢው ጭር ብሏል። ለካ የሩዝ አረም ደርሷል ብለው ተማሪውን በሙሉ ወደየቤቱ ሰደውታል።

"ለእኔ ሳይነግሩኝ?" አልኋቸው።

"ተኝተሽ ይሆናል ብዬ ነው" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ከሸዋ ይዤው የመጣሁት ግልፍተኝነት አለኝ። ማን እንደሚመራ ላሳያቸው ብዬ አጀንዳ አዘጋጅቼ፣ ወንበር ደርድሬ፣ ቦርዱን ቢሮዬ ጠራሁ። አንድም ሰው አልመጣም። በኋላ እንደተረዳሁት ቦርዱ የሚሰበሰበው በሚካኤል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ነው። አጀንዳ የሚባለው ሰብሳቢው ከቤተ ክርስቲያን እስከ ዋርካው ሲመጡ ያሰቡት ነገር ነው። እሳቸው ሲናገሩ አባላቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሲያስነጥሳቸው "ይማርዎ" ይላሉ። ውሳኔ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ያናድደኝ እንጂ እንቅልፍ አይነሣኝም ነበር። እንቅልፍ የነሣኝ ውኃው ነው። ሜዳው ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት የሚማሩበት ቤት ከሁሉም ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ስለተሠራ፣ መስከረም ላይ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ሰቅለው ነው ሀ ሁ የሚሉት። መምህርታቸው በቦቲ ጫማ ታስተምራለች። ሳይውል ሳያድር ሳል ይጀምራቸውና ብዙዎቹ ቤታቸው ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ ቀርተው ይቀራሉ። ወረዳው ሁለት ክፍል ልሥራላችሁ አለን፣ ቦርዱ ውኃ የማይደርስበት ቦታ ካቀረበ። ካላቀረበ ግንባታው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል። በአካባቢያችን ደግሞ ውኃ የማይደርስበት አንድ ጉብታ ብቻ ነው ያለው። እሱም የሰብሳቢያችን አውድማ ነው።

"አውድማዎን ለሕፃናቱ ቢሰጡን፣ አባቴ" አልኋቸው።

"እናያለን" አሉ።

ኅዳር ላይ ጠየቅኋቸው፤ እናያለን። ታኅሣሥ ላይ ጠየቅኋቸው፤ አሁንም እናያለን። በታኅሣሡ ስብሰባ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና "ምኑን ነው የሚያዩት? ጉብታ እኮ ነው፤ የትም አይሄድ!" ብዬ ጮኽሁባቸው። አባላቱ በሙሉ አቀረቀሩ። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉና "ዳይሬክተሯ ርቧታል፤ ስብሰባው ይብቃ" ብለው ተነሡ።

የቦርዱ አባል የሆኑ አንድ ቄስ አሉ፤ መንገድ ላይ ደርሰውብኝ፣ "ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሰው ፊት መሬት አይጠየቅም፤ ሽማግሌ ላኪ" አሉኝ። ምክሩ ደግ ነበር። እሳቸውን ራሳቸውንና ሁለት ሽማግሌዎች ለምኜ ላክሁ። ወሩ ጥር መሆኑን ግን አላሰብሁትም። ጥር ደግሞ በየደጁ ድንኳን የሚተከልበት፣ ነጭ ለብሶ ሰው ቤት የቆመ ሽማግሌ ሌላ ጉዳይ የማይኖረው ወር ነው። እኔ ዕድሜዬ የገፋ ያላገባሁ ሴት፣ እሳቸው ሚስት የሞተባቸው። ቄሱ ይህን ለምን እንዳላሰቡ እስካሁን ልጠይቃቸው አልደፈርሁም።

የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ቄሱ ናቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች በጠዋት ደጁ ላይ ቆሙ። ሰብሳቢው "ግቡ፣ ተቀመጡ" ቢሏቸው፣ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ።

"ማን ልኳችሁ ነው?"

"ዳይሬክተሯ" አሉ ቄሱ። "እርስዎ ዘንድ ያለ፣ እርስዎን የማይጎዳ፣ ለእሷ ግን ትልቅ የሆነ ነገር ፈልጋ ልካናለች። እንቢ እንዳይሉን።"

እህታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰብሳቢው ቀስ ብለው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ "ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ትንሽ ትጮኻለች እንጂ ክፉ አይደለችም" አሉ። "ግን እኔ አርጅቻለሁ። ወገቤም እንደምታውቁት ነው። ምነው ለእሷ የሚሆን ጎልማሳ ጠፍቶ?"

"ኧረ በሚካኤል! አውድማዎትን ነው የጠየቀችው!" አሉ ቄሱ ደንግጠው።

"አውድማዬን?"

"አውድማዎትን።"

"እፎይ!" አሉ ሰብሳቢው። "አውድማውንማ ትውሰደው! በሉ ተቀመጡ።"

ሁለቱ ክፍሎች በዚህ ዓይነት ተገኙ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሐሙሲት ከተማ ደርሶ ነበር። የባጃጁ ሹፌር በማግሥቱ "እንኳን ደስ ያለሽ" ሲለኝ ለግንባታው መስሎኝ አመሰገንሁት። ሰርጉ መቼ ነው ሲል ነው የነቃሁት። አፍሬ ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብዬ አልሄድሁም። ሰብሳቢው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮዬ ሲገቡ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ነበር የሚቀመጡት።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ክፍሎቹ ተሠርተው አለቁ። መስከረም ላይ ሜዳው እንደ ልማዱ ውኃ ሲለብስ፣ ትንንሾቹ ጉብታው ላይ በደረቅ መሬት ተቀመጡ። ሳሉ ቀነሰ። እኔም እንዳሸነፍሁ ቆጥሬ ደረቴን ነፍቼ ከረምሁ።

ኅዳር ላይ ሩዙ ታጨደ። ሰብሳቢው ጉብታውን ስለሰጡ ነዶአቸውን የከመሩት ታች፣ ረባዳው ላይ ነበር። ከዚያ ባልታሰበ ወቅት ዝናብ መጣና ሌት ተቀን ወረደ። ሲያባራ ክምሩ ውኃ ውስጥ ቆሟል። አውድማቸው ድሮ ቦታው ላይ ቢሆን ውኃው ሸሽቶ ይወርድ ነበር። ያ ጉብታ የዓመት እህላቸው ዋስትና እንደነበር ያኔ ገባኝ። ስጨቀጭቃቸው በከረምሁበት ጊዜ ሁሉ ይህን አንድም ቀን ትንፍሽ አላሉም።

ቀኑ ዓርብ ነበር። የሚካኤልን ቀን ሳልጠብቅ አባላቱን በየቤታቸው እየዞርሁ ቢሮዬ ሰበሰብሁና፣ "ክፍሎቹ ቅዳሜና እሑድ ባዶ ናቸው፤ ነዶው ይግባና ተበትኖ ይናፈስ" አልሁ።

ሰብሳቢው ብድግ አሉ። "ይኸ የራሴ ጉዳይ ነው። የራሴ ጉዳይ ሲወሰን እኔ እዚህ አልቀመጥም" ብለው ወጡና በሩን ዘጉት።

ደወል የሚደውሉልኝ፣ ተማሪ የሚበትኑብኝ፣ ግቢውን እንደ ጓሯቸው የሚያዩት ሰውዬ! ገርሞኝ ወደ አባላቱ ዞርሁ። "እሺ፣ ምን ትላላችሁ?"

ሁሉም በሩን ያያል።

"እሳቸው ምን ይላሉ?" አለ አንዱ።

"እሳቸው ወጥተዋል እኮ!"

"ሲመለሱ እንጠይቃቸዋለና።"

"የወጡት እንድትወስኑ ነው!"

እንደገና በሩን አዩ። ያለ እሳቸው ወስነው አያውቁማ። ቄሱ እንኳ የዝንብ ጭራቸውን ከማወዛወዝ ሌላ የጨመሩት የለም። ስብሰባው ሳይወሰን ተበተነ፤ ሩዙ ደግሞ ስብሰባ አይጠብቅም፤ መሽተት ጀምሯል።

በንዴት ቁልፉን አንሥቼ ሁለቱንም ክፍሎች ከፈትሁ። መምህራኑን ጠራሁ፤ ጎረቤቱም መጣ፤ ነዶውን እየተሸከምን ወለሉም ላይ አግዳሚውም ላይ በተንነው። ባለ ቦቲዋ መምህርት ከሁላችንም በለጠች። ሰብሳቢው ደጃቸው ላይ ቆመው ከማየት በቀር አልቀረቡም።

እሑድ ከሰዓት ብቻቸውን መጡ። አንድ ነዶ ገለበጡ፣ ዛላውን በመዳፋቸው አሹ፣ ፍሬውን በጥርሳቸው ሰበሩት፤ ደርቋል።

"ማን ፈቀደ?" አሉኝ።

"እኔ።"

"ቦርዱ ሳይወስን?"

"ሳይወስን።"

"ትጠየቂበታለሽ" ብለው ሌላውን ነዶ መገልበጥ ጀመሩ።

እውነትም ተጠየቅሁ። በሚቀጥለው የሚካኤል ቀን ዋርካው ሥር አቆሙኝና የቦርዱን ሥልጣን እንዴት እንደረገጥሁ ረጅም ንግግር አደረጉ። የመንግሥት ክፍል የግለሰብ ጎተራ አይደለም አሉ። ነገ ሌላ ዳይሬክተር በዚህ ልማድ ለዘመዱ ጤፍ ቢያስከምርበትስ አሉ። ተግሣጽ ይሰጣት አሉ፤ አባላቱም ያለ አንዳች ማንገራገር ነቀነቁ። በሕይወቴ ሰው ሲቆጣኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቃለ ጉባኤውን ሊያቀብሉኝ ጎንበስ ሲሉ አየኋቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ምን ታፈጥጪብኛለሽ?" አሉኝ። "ፈርሚ!"

ፈረምሁ።