የሐጂ ነስሩ ሰፊ ፓርቲ

ሐጂ ነስሩ ቀን ቀን የሰው መኪና ያቆማሉ፤ ማታ ማታ አገር ይመራሉ። የሚመሩት አገር ለጊዜው ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ያለች አዳራሽ ብትሆንም፣ እርሳቸው ግን ከሚኒስትር አያንሱም። የእስላማዊው ፓርቲያቸው የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ሊቀመንበር ናቸው። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንድሮም መመረጥ።

ችግሩ ፓርቲው ከመስጊድ ደጅ አልርቅም ማለቱ ነበር። ለንደን ያሉት የፓርቲው አለቆች ክርስቲያኑን ካላመጣችሁ የትም አንደርስም ሲሉ፣ ሐጂ የፓርቲውን ስም «ፍትሕ ለሁሉ» አሉት፤ ከአርማው ላይ ጨረቃዋን አንስተው የስንዴ ዛላ ተከሉበት። ሥጋው ግን አስቸገረ። ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላ፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይበላ፤ በምን ያገናኟቸው? ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ሲገጥሙ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሽሮና ምስር ሃይማኖት የላቸውም። የምርጫውን ስብሰባ በነጻ ኢፍጣር ጠሩ፤ አዳራሽ የገባ ሁሉ ይመርጣል ብለውም አወጁ።

ነጻ ምግብ ሲባል ሚድ ሲቲ ሰፈር ያለው አበሻ ሁሉ ነቅሎ መጣ። ከፊት የተቀመጡት እትዬ ሽታዬ ናቸው፤ አረጋውያን እየተንከባከቡ የሚኖሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች ማኅበር እንደ ጦር የሚመሩ፣ ሰብሳቢ የሌለው ስብሰባ ሲያዩ እጃቸውን የሚበላቸው ሴት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሙስሊሞቹ በቴምር አፈጠሩና ለሶላት ወደ ፓርኪንጉ ወጡ። እንጠብቃችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሐጂ ሶላትና ፖለቲካ የማይቀላቅሉ ዘመናዊ ሰው መሆናቸውን ማሳየት አማራቸው።

«ኦኬ፣ እኛን አትጠብቁ፤ አጀንዳውን ኮንቲኒው አድርጉ።»

ከዚያ ኢማም ሆነው ቆሙ። ድምፃቸው አዳራሹ ድረስ እንዲሰማ ረጅም ሱራ መረጡ፤ ዱዓውንም አስረዘሙት። የለመኑት ምርጫውን እንዲያሸንፉ ነበር።

ሲመለሱ እትዬ ሽታዬ በሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጀንዳው ምርጫ ነበር፤ ሽሮውን ያጋመሰው ሕዝብም በሙሉ ድምፅ መርጧቸዋል። የሐጂ ደም ፈላ፤ ያ ሁሉ ዘመናዊነት እዚያው ተነነ።

«ይሄ እኮ የሙስሊም ፓርቲ ነው» አሉ።

 እንዲህ ያለውን እውነት ከሐጂ አፍ ለመስማት ሶላት ማስረዘማቸው ማስፈለጉ ያሳዝናል።

«አይቆጡ፣ ሐጂ» አሉ እትዬ ሽታዬ በእርጋታ። «እርስዎንማ የት እንጥልዎታለን? ሶ፣ ለፎቶው አንድ ሙስሊም ያስፈልገናል፤ ምክትል ይሁኑ።»

ሐጂ ራሳቸው ለእትዬ ሽታዬ አስበውላቸው የነበረው ይኸው ቦታ ነው።