የቀለጠው ጥሩር

የዓለምዘርፍ እንግሊዝኛ ታነባለች። ይህ ከአሁኑ ይታወቅልኝ፣ ኋላ ራሷ ልትክደው ነውና። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ የመድኃኒት ዝርዝር አንድ ፊደል ሳትስት ነው የምታነበው። የቀድሞ ባሏን የፀሐዩን የግሪን ካርድ ፎርም ከዳር እስከ ዳር የሞላችውም እሷ ነበረች። ቤቷ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። ደብዳቤ ሲመጣ «ኤፊዬ፣ እስቲ ይሄን አንብቢልኝ» ትላለች። ልጇ ኤፍራታ አጠገቧ ተቀምጣ ስታነብላት ደስ ይላታል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሌላ ምክንያት እናቷ አጠገብ አትቀመጥማ።

ከፀሐዩ ጋር ከተለያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚኖረው እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። በስምምነታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ሊወስዳት ነበር። ሥራው አላስችል ሲለው አባትና ልጅ በቪዲዮ ጌም መገናኘት ጀመሩ። ሁለት ወታደር ሆነው ከፕላኔት ፕላኔት ይዞራሉ፤ ያገኙትን ብረት እያቀለጡ ጠመንጃቸውንና ጥሩራቸውን ያሻሽላሉ። የዓለምዘርፍ ከወጥ ቤት ሆና የምትሰማው ሳቃቸውን ነው። ለእሷ «ፋይን» እና «ኦኬ» ብቻ የሚወጣው የኤፍራታ አፍ ለአባቷ የሳምንቱን ወሬ በተሰባበረ አማርኛ ይዘረግፈዋል። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አይወጣለትም።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ኤፍራታ ከትምህርት ቤቷ ጋር ጉብኝት ልትሄድ ስትል በር ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ዛሬ ኦፍ ነሽ አይደል? ፕሊስ፣ አርመሬን አፕግሬድ አድርጊልኝ። ትዌንቲ ፎር አወርስ ይፈጃል። ዛሬ ካልተጀመረ ነገ ለአባዬ አልደርስም።»

አርመር የምትለው የወታደሯን ጥሩር ነው። የሚደረገውን ሁሉ በእንግሊዝኛ አምስት መስመር ጽፋ ሰጠቻት። አራተኛው መስመር ግራጫ የሆነውን ዕቃ ሁሉ አቅልጪ፣ አባዬ የሰጠኝን ብቻ እንዳትነኪ ይላል።

የዓለምዘርፍ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልጇ በዚህ ጌም ጉዳይ ስትለምናት የመጀመሪያ ጊዜዋ ስለሆነ ደስ ብሏት፣ ሶፋው ላይ ተደላድላ ኮንትሮለሩን ያዘች። መጀመሪያ ወታደሯን ከግድግዳ ጋር ስታጋጫት ቆየች፤ ቀስ በቀስ ግን እጇ ለመደ። የዕቃ ማስቀመጫውን ስትከፍተው የተዝረከረከ የወጥ ቤት መሳቢያ መስሎ ታያት። የተሰበረ ጠመንጃ፣ የተበሳ የራስ ቁር፣ ነጠላ ጓንት፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አቀለጠች። እንዲያውም ጥሞት ነበር።

ከዚያ አንድ ግራጫ የደረት ጥሩር ላይ ደረሰች። ያለቀለት ነው፣ ጥይት ቀርቶ ጠጠር አይመልስም። ሥር ላይ «ለጀግናዬ፣ ከአባዬ» የሚል ጽሑፍና ቀን አለበት። ቀኑን አወቀችው። ፀሐዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመጣ የቀረበት ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ልጅቷን አልብሳ፣ ፀጉሯን ሠርታ እስከ አሥር ሰዓት መስኮት ላይ አብራት ጠብቃለች። ያለቀሰችውን ልጅ ያባበለችው እሷ ናት፤ በልጅቷ ልብ የቀረው ግን ይሄ ቆርቆሮ ነው። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። ተጫነችው። ጌሙ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እርግጠኛ ነኝ አለችው።

ጥሩሩ ወዲያው ቀልጦ ጠፋ። ንዴቷም አብሮ ጠፋና ባዶ እጇን ቀረች። መመለሻ ካለ ብላ ያላየችው ገጽ አልነበረም። የለም።

ኤፍራታ አመሻሽ ላይ መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ የዕቃ ማስቀመጫውን ከፈተች። «እማዬ፣ የአባዬስ?»

«የቱ? እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ እንግሊዝኛው መቼ ገባኝና።»

ይህች አነጋገር የዓለምዘርፍን በስልክ እየደወለ ዕቃ ከሚሸጥ ከስንቱ ሰው አድናታለች፤ ልጇ ላይ ስትጠቀምባት ግን አፏ ውስጥ መረረቻት። ኤፍራታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የዓለምዘርፍ ትጮህብኛለች ብላ ስትጠብቅ ልጅቷ መጥታ አቀፈቻት።

«ሶሪ እማዬ። የኔ ጥፋት ነው። በአማርኛ ነበር መጻፍ የነበረብኝ።»

ወዲያው አባቷ ጋ ደወለች፣ ስፒከር ላይ አድርጋ። «አባዬ፣ ያ የሰጠኸኝ አርመር ጠፋ። እማዬን እንዳትቆጣት። ኢንስትራክሽኑን በእንግሊዝኛ ጽፌላት አልገባትም።»

የዓለምዘርፍ የሳህን ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆማለች። ለመንጃ ፈቃድ ፈተና መጽሐፉን እያነበበች ያስጠናችው ሰው እኮ ነው። አሁን ያወጣዋል፣ ያዋርደኛል አለች በልቧ። ቢሰድባት አራት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው መልስ ነበራት።

«ልክ ነሽ» አለ ፀሐዩ በመጨረሻ። «የጌም እንግሊዝኛ ለኛ ይከብዳል። ሌላ እሰጥሻለሁ። እናትሽን አመስግኚልኝ፣ ቀኑን ሙሉ ለፍታልሻለች።»

ዞራ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ማጠብ ጀመረች። ፊቷ ይግል ነበር።

ኤፍራታ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ሰንበት ትምህርት ቤት በተማረችው ፊደል አምስቱን መስመር እንደ አዲስ ጻፈች። እያንዳንዱን ፊደል በአፏ እየጠራች፣ እየሰረዘች፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ወረቀቱን ለእናቷ ዘረጋችላት። «ለሚቀጥለው ነው። ይነበባል?»

የዓለምዘርፍ እጇን ቀሚሷ ላይ አብሳ ተቀበለች። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ የተጋደመ ነው። «ይነበባል» አለች። ወረቀቱን መመለስ አቃታት። «ኤፊ፣ የጠዋቱንም አንብቤዋለሁ። እያወቅሁ ነው ያቀለጥኩት።»

ኤፍራታ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አባዬ ያውቃል?» አለች።

«ያውቃል። እያወቀ ነው የሸፈነልኝ» አለች የዓለምዘርፍ። ከሁሉም የከበዳት ይህን መመለስ ነበር።