የባለቤቴ ፒዲኤፍ
ባለቤቴ ዓይደር አካባቢ ባለ ክሊኒክ ነርስ ናት። የማስተርስ ጥናቷን የምታስገባበት ዕለት ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ የቀየርኩላት እኔ ነኝ። ያን ቀን ካላስገባች ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል። እሷ የመቀሌ ልጅ ናት፤ ዘመዱም ጎረቤቱም የእሷ ነው። ከደብረ ብርሃን ለመጣሁት ለኔ የቀረኝ የላፕቶፗ ሥራ ብቻ ነበር፤ እሱን የሚነካብኝ አልወድም።

ኔትወርኩ ስለማያስተማምን ፋይሉ እንዲቀል ብዬ ትንሹን መጠን መረጥኩ፤ ፎንቱም፣ የፊደሉ ቅርጽ ማለት ነው፣ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዳይሄድ አደረግኩ። ቤት ውስጥ ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር። ሮማናት አደባባይ ካለው ማተሚያ ቤት ስንደርስ ግን እንግሊዝኛው ደህና ሆኖ፣ ፎንቱ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ የጥናቱ የትግርኛ መጠይቅ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ።

ቤት ሄጄ ላስተካክለው ስል እሷ ለሥራ ባልደረባዋ ደወለች። "ሓወይ" ትለዋለች። ወንድሜ ማለት እንደሆነ፣ እዚህ ከተማ ለባጃጅ ነጂም እንደሚባል አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉን አልወደድኩትም። ሰውየው የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ወዲያው ከተፍ አለ። ረጅም ነው፣ ሸሚዙም የተተኮሰ። ሥራ የለውም እንዴ አልኩ በልቤ።

ይዘነው ከመጣነው ፍላሽ ላይ ዋናውን ጽሑፍ ከፍቶ፣ ፊደሉ ከፋይሉ ጋር እንዲሄድ የቱ ጋ ምልክት እንደሚደረግ አሳያት። አልገባኝም አለችው። ከመጀመሪያው ጀመረላት። እንደገና ጠየቀችው፤ አሁንም ከመጀመሪያው ጀመረላት። ከዚያ ራሷ ሠራችውና ሳቀች። እኔ ግድግዳው ላይ ለናሙና የተሰቀሉ የሠርግ ካርዶች አነብ ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ አንድም ፊደል አልጎደለበትም። እሱን አመስግና ሸኘችው፤ እኔ ጥራዙን ተሸከምኩ።

ባጃጅ ውስጥ አላስቻለኝም። እኔ እያለሁ ሌላ ሰው መጥራት ምን አመጣው አልኳት።

አልተቆጣችም። "አንተ ስትሠራልኝ እኮ ዝም ብዬ ነው የማይህ" አለችኝ። "ከጠየቅኩህ ትቆጣለህ። ዛሬ ደግሞ ለዚያ ሰዓት የለኝም፤ ያልገባኝን መጠየቅ ነበረብኝ።"

እስከዚያ በሰውየው ቁመትና ሸሚዝ መቅናት ቀሎኝ ነበር። እሱን "አልገባኝም" ስትለው ድምጿ ምን ያህል ዘና ያለ እንደነበር ትዝ አለኝ። ለኔ እንዲያ ያለችበትን ቀን በሐሳቤ ፈለግኩ፤ ዩኒቨርሲቲው እስክንደርስ ድረስ አላገኘሁም።