ወንድሜ ያሳለፋት ሩር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ቢሮአችን ውስጥ መብራት ጠፍቶ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት ባልደረባዬ በስልኳ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም አሳየችኝ። ከመቶ ዓመት በፊት የተካሄደ የአሜሪካኖች የቤዝቦል ጨዋታ ነው። ባርኔጣ ያጠለቀ ሕዝብ ዙሪያውን ታጭቋል፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ዱላ ይዞ ይጠብቃል። በመጨረሻ ተራኪው፣ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ሆን ብለው እንደተሸነፉ ተናገረ።

"ጉሮሮው እስኪደርቅ የጮኸው ተመልካች ምስኪን!" ብላ ባልደረባዬ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ያደግሁት ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፣ ወንዶቹ ሩር የምንላትን የእንጨት ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ጫፉ የቆለመመውን ዱላ፣ ገናውን፣ ለታላቅ ወንድሜ ለይበልጣል የመረጥኩለት እኔ ነበርኩ። ከወይራ ላይ አይቼ አስቆረጥኩት፤ በእሳት እየለበለብኩ ቅቤ አጠጣሁት። ሩር በይበልጣል በኩል አለፈች ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላልና፣ በዓሉ ለት የላይና የታች ሰፈር በግጥም ይሰዳደባሉ። እኔ ግጥም ባወጣም ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ጠዋት የሽንብራ እሸት እየፈለፈልን ሳለ ይበልጣል፣

"ብርቄ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ የምትገጥሚልን" አለኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ አፍራለሁ! ብንሸነፍስ?"

"እኔ ቆሜ?"

እሱ ቆሞ! አመንኩት። ሜዳው ዳር ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስ ነጠላውም ወረደ።

"የታች ሰፈር ጎበዝ ገናውን ይማግደው፣
ሩር ላይመታበት ምን ብሎ ወደደው!"

ሰፈሬ በሙሉ ተቀበለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሩሯ በገለባው ላይ እየተንከባለለች ወደ ይበልጣል መጣች። ሕፃን እንኳ የሚመታት ነበረች። ዱላውን ሰነዘረ፤ አቧራ ብቻ ተነሣ። ሩሯ ወሰኑን አለፈች። ታች ሰፈሮች ወዲያው ወደኔ ዞሩ፦

"ብርቄ ነይ ማግጂው የወንድምሽን ገና፣
ሩሯን ሲያሳልፋት እኛ አይተናልና!"

እስከ ቤት ተከተሉኝ። ከዚያ በኋላ ገበያ ስወጣ እንኳ "ነይ ማግጂው!" የሚለኝ አልጠፋም።

ጥር ላይ ይበልጣል የታች ሰፈሯን ዘውዲቱን አገባ። አንድ ቀን ሹሩባ እየሠራችኝ፣ "እስካሁን አኩርፈሻል እንዴ? ለኔ ብሎ እኮ ነው" አለችኝ። አባቷ፣ "በገና ሰፈሬን ያዋረደ ልጄን አያገባም" ብለውት፣ እሱም እንደሚሸነፍ ቃል ገብቶላቸው ኖሯል። ያውም ከበዓሉ በፊት።

ሹሩባዬ ሳያልቅ ተነሥቼ ይበልጣልን ፈለግሁት። በሬዎቹን ውኃ ሲያጠጣ አገኘሁት።

"እያወቅህ ነው እንድገጥም ያደረግኸኝ?"

"አንቺ እየገጠምሽ እኮ ሆን ብሎ ተሸነፈ የሚለኝ የለም ብዬ ነው" አለ፣ ቀና ሳይል። ቀጥሎም፣ "ደግሞ በገና ማን ይቆጣል?"

በታች ሰፈር ስድብ አልተቆጣሁም፤ ወጉ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ገጥሜ አላውቅም።

ያ የወይራ ገና ዛሬም ይበልጣል ቤት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልጆቹ በሄድኩ ቁጥር፣ "አክስቴ፣ አባዬ እውነት ጎበዝ ተጫዋች ነበር?" ይሉኛል። ይበልጣል ያኔ ወደ ደጅ ያያል።

"እሱን የሚያህል አልነበረም" እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።