ያልታጠበው ስፖንጅ

ሰፈራችን ውስጥ ቆሻሻን እንደ ደም ጠላቱ የሚያሳድድ አንድ ሰው አለ፤ ልብስ አጣቢው ጋሽ አረፋ። ስሙን ያወጣንለት እኛ ሥራ ፈቶቹ ነን። እሱም አልተቀየመን፤ ለመቀየም ጊዜ የለውማ፣ ሁልጊዜ የሚታጠብ ነገር አለው። ቤቱ ገብተህ ውሃ ብትጠጣ ብርጭቆውን ሳታስቀምጠው ከእጅህ ነጥቆ ያለቀልቀዋል። ሚስቱ «እኔንም ዝም ብዬ ብቀመጥለት ገመድ ላይ ያሰጣኛል» ትላለች።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ሥራ አግኝታ ሩቅ ከተማ ገብታለች። የሄደች ዕለት አውቶቡሱ የከተማውን ዳር ሳይለቅ፣ አባት የተኛችበትን አንሶላ፣ የትራስ ልብሷንና ረስታው የሄደችውን ሻርፕ ሰብስቦ ማሽን ውስጥ ከተተ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ ባለቤት ያልነበረው ይመስል ቁም ሣጥን ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ሻርፑን አፍንጫው ላይ ይዞ እንደቆመ አገኘችው።

«ምን ምን ይላል?» አለችው።

«ሳሙና።»

ሻርፑን አጥፎ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰው።

ልጅቱ ትንሽ ሳለች ዓሣ ግዛልኝ ብላ ታለቅስ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ «የሚጠጣውን ውሃ የሚያቆሽሽ ፍጡር ቤቴ አይገባም!» ነበር። እንግዲህ ይኸው ሰውዬ የመስታወት ገንዳ አቅፎ ሲመጣ መንገዱ በሙሉ ቆሞ አየው። ስልክ ደውሎም «ዓሦች ገዛሁ፤ ለእረፍትሽ ነይና እያቸው» አላት። እሷም «እውነትህን ነው አባዬ? እሺ፣ እመጣለሁ» አለች። ስንት ጊዜ ሥራ በዛብኝ እያለች የቀረች ልጅ ናት። ሌላ አባት ናፍቀሽኛል ብሎ ይገላገል ነበር፤ የእኛው ግን ያችን ቃል ከአፉ ከሚያወጣ የልጁን መምጣት በቀያይ ዓሦች ጅራት ላይ ማንጠልጠል ቀለለው።

ውሃው ወዲያው ወተት የተደፋበት መሰለ። ሌላው ሰው ይደነግጥ ነበር፤ እሱ ግን ደስ አለው፤ የሚያውቀው ጠላት መጣለት። ውሃውን ጠብታ ሳያስቀር ደፋ፣ ጠጠሩን ቀቀለ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና አሽቶ በረኪና አስነካው፣ ገንዳውን ከቧንቧ ሞላው። ገንዳው አበራ። በማግስቱ አንድ ዓሣ በጎኑ ተንሳፈፈ። ውሃው እንደገና ደፈረሰ፣ እንደገና አጠበ፣ እንደገና አንድ ዓሣ ሞተ። ሁለት ብቻ ቀርተው፣ እነሱም አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ፣ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሮጠ።

«ስፖንጁን በምን አጠቡት?» አለ ሻጩ።

«በሳሙና።»

«በረኪናስ?»

«ትንሽ።»

«ካውያውን ምነው ረሱት ጋሼ?» ዓሣ ሻጩ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ርኅራኄ ግን በሱቁ አይገኝም። «ይስሙኝ። ዓሣ የሚጥለው ቆሻሻ ውሃው ውስጥ መርዝ ይሆናል። መርዙን የሚበሉለት ዓይን የማያያቸው ተህዋስያን ናቸው፤ ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ነው የሚራቡት። እነሱ ገና ጎጆ ሳይወጡ እርስዎ በሳሙና ይጨርሷቸዋል።»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«ምግቡን ይቀንሱ። በየቀኑ ከውሃው ጥቂት ብቻ እየቀዱ፣ በባልዲ አድሮ ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ ይተኩ። ስፖንጁን ግን አይንኩት።»

«ቆሻሻ ነው እኮ!»

«ዓሦቹን በሕይወት የሚያቆይልዎት እሱ ቆሻሻ ነው።»

ውሃ መቅዳትማ ለእሱ ምኑ ነው። የከበደው እጁን ኪሱ ከትቶ መቀመጥ ነው። እኛም በበሩ ባለፍን ቁጥር «ጋሽ አረፋ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ውሃው ዛሬ ደግሞ ባሰበት!» እንለዋለን። አንድ ቀን ሚስቱ እጅጌውን ሰብስቦ ስፖንጁ ላይ አፍጥጦ አገኘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሻርፑን አትርሳ» አለችው።

እጅጌውን መልሶ ቆለፈና ወጣ።

ውሃው ቀስ በቀስ ጠራ። ሁለቱ ዓሦች ወደ ታች ወርደው ጠጠሩን መልቀም ጀመሩ። ስፖንጁ ግን እንደጠቆረ ነው።

ልጅቱ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ገንዳው ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ዓሦቹን በጣቷ መስታወቱ ላይ እየተከተለች ቆየች። አባትየው ከኋላዋ ቆሞ ዓሦቹን ሳይሆን የእሷን ማጅራት ያያል። ከዚያ ብድግ አለች።

«ውይ አባዬ! ይሄ ስፖንጅ ምን ሆኖ ነው? ሳሙና የታለ?» እጅጌዋን ሰብስባለች። የማን ልጅ ናትና!

«ተዪው!»

እናትና ልጅ ተያዩ።

«ምን አልክ?»

«ተዪው አልኩ። ይቆሽሽ።»

«እማዬ፣ ይሄን ሰውዬ ምን አድርገሽብኝ ነው?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሳቃቸው እኛ ቤት ድረስ ተሰማ፤ ያልተጠራንበት ሳቅ ስለሆነ ተቀየምን።

እረፍቷ አለቀና ሄደች። ሚስቱ የአልጋውን ልብስ ገፍፋ ማሽኑ አጠገብ ከመረችለት። አንሶላውን ከተተ። የትራስ ልብሱ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ረዥም ፀጉር ተጣብቆበታል፤ መሐሉ ላይ ሙቅ ውሃ ብቻ የሚያስለቅቀው የፀጉር ቅባት አለ። አገላብጦ አየው። ሳያጥብ፣ ሳይተኩስ አጥፎ ከሻርፑ ጎን አስቀመጠው። ቁም ሣጥኑንም ሲዘጋ፣ አየር እንዳይገባበት፣ በመዳፉ ጠበቅ አድርጎ ገፋው።